ንጉሥ የሌለው ሠራዊት፦ የ2018–2020 የበረሃ አንበጣ መንጋ እንዴት ተፈጠረ?

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ ጤፉ ለአጨዳ ቀናት ብቻ ሲቀሩት፣ በወሎ፣ በራያና በሰሜን ሸዋ ቆላማ ቀበሌዎች ሽማግሌውም ሕፃኑም ማሳ ላይ ይውል ነበር። ጅራፍ ያለው ጅራፍ ያጮኻል፤ ጀሪካንና ቆርቆሮ የያዘው ይደበድባል፤ ሌላው ጭስ ያጨሳል፣ ወይም ነጠላውን እያወናጨፈ ይሮጣል። አንበጣው ከአንዱ ማሳ ብድግ ይልና አየር ላይ ዞሮ በጎረቤት ማሳ ያርፋል። ተባረረ እንጂ አልተበተነም። ሰው ሊያባርረው የቻለ፣ ሊበትነው ግን ያልቻለ ያ አንድነት ከምን እንደተሠራ ማሳየት የዚህ ጥናት ጉዳይ ነው።

በዚያ ሰሞን የሁሉም ጥያቄ አንበጣው ከየት መጣ የሚል ነበር፤ የሚሰጠውም መልስ ከየመንና ከሶማሊያ የሚል ነበር። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ግን ግማሽ መልስ ነው። የበረሃ አንበጣ ከሞሪታንያ እስከ ሕንድ በሚዘረጋው ደረቅ ምድር ውስጥ ሁልጊዜ አለ፤ በአብዛኛዎቹ ዓመታት ግን ማንም ልብ አይለውም። ቀን ከቁጥቋጦ ሥር ተሸሽጎ ይውላል፤ ቢበርም በሌሊት ለብቻው ይበራል፤ ሌላ አንበጣ ሲጠጋው ገሸሽ ይላል። እንዲህ ያለ ዓይን አፋር ፍጡር በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን ሆኖ፣ ቀን በፀሐይ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚጓዘው ምን አግኝቶት ነው? መንጋው መሪ የለውም። ትእዛዝ የሚያስተላልፍ፣ መንገድ የሚያሳይ ወይም ወደ ኋላ የቀረውን የሚሰበስብ አንድም አንበጣ በውስጡ የለም። ንጉሥ ሳይኖራቸው በሥርዓት ይሄዳሉ ተብሎ ከጥንት የተነገረላቸው ለዚህ ነው።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዝናብ በባዶው ምድር

የጉዳዩ መነሻ ከማሳዎቻችን እጅግ ሩቅ ነው። በሜይ 2018 መጨረሻ መኩኑ የተባለ ሳይክሎን በኦማን ሳላላህ ከተማ አቅራቢያ ወደ የብስ ገባና ሩብ አል-ኻሊ በሚባለው፣ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በኦማን፣ በየመንና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች መካከል በተዘረጋው የአሸዋ ባሕር ላይ የበርካታ ዓመታትን ዝናብ በጥቂት ቀናት ውስጥ አወረደ። በአሸዋ ክምሮቹ መካከል ሐይቆች ታዩ። ምድሩ ሊደርቅ ሲቃረብ በኦክቶበር ሉባን የተባለ ሌላ ሳይክሎን መጣ፤ እርጥበቱም ለተጨማሪ ወራት ቆየ።

የበረሃ አንበጣ እንቁላሉን የሚጥለው እርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው፤ የሚፈለፈለው ኩብኩባም ወዲያውኑ ለምለም ነገር ይፈልጋል። ሁለቱም ከተገኙ በሦስት ወር ገደማ አንድ ትውልድ ተተክቶ ቁጥሩ እስከ 20 እጥፍ ሊያድግ ይችላል። በሁለተኛው ትውልድ 400 እጥፍ፣ በሦስተኛው 8,000 እጥፍ ይሆናል። በሩብ አል-ኻሊ ሦስት ትውልድ እንዲህ ተራባ፤ አካባቢው መንገድም ሰውም የሌለበት ስለሆነ ያየው የለም።

ሆኖም ብዛት ብቻውን መንጋ አይሆንም። ምድሩ ሰፊ ነው፤ ቁጥሩ 8,000 እጥፍ ቢያድግም ሁሉም በየፊናው ተበትኖ መኖር ይችል ነበር። ወሳኙ ሰዓት የመጣው ዝናቡ ሲዘንብ ሳይሆን ምድሩ ሲደርቅ ነው። ለምለሙ ቦታ ከዳር ወደ መሐል እየተኮማተረ ሄዶ እዚህም እዚያም ጥቂት ቁጥቋጦዎች ብቻ አረንጓዴ ሆነው ቀሩ። በ1998 እና በ2000 የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የነፍሳቱ ቁጥርና የምግቡ መጠን ሳይለወጥ፣ ምግቡ በየቦታው ሲበተን አንበጣዎቹ ብቸኛ ሆነው ይቆያሉ፤ ያው ምግብ በጥቂት ቦታ ሲከማች ግን ወደ መንጋ ጠባይ ይለወጣሉ። ለእኔ የዚህ ሁሉ ታሪክ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። የአንበጣ መቅሠፍት የዝናብ ልጅ ነው ሲባል ይሰማል፤ በዝናብ የተራባውን አንድ ላይ የሚገፋው ግን ድርቀቱ ነው።

የኋላ እግር ጭን

አንድ ቁጥቋጦን ጠጋ ብለን እንመልከት። ከዙሪያው ሁሉ ደርቆ እርሱ ብቻ ለምልሟል። ትናንት አምስት አንበጣ ነበረበት፤ ዛሬ ሠላሳ አለበት። ያሉት ሁሉ መራቅን የሚመርጡ ናቸው፤ ግን የሚርቁበት ቦታ ሁሉ ባዶ ነው። አንዱ ቅጠል ሲያኝክ ሌላው በኋላው ያልፋል፣ እግሩንም ይነካዋል። ጥቂት ቆይቶ ሌላም ይነካዋል።

ይህ መነካካት ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ረጅም ጊዜ ፈጅቷል። በ1921 ቦሪስ ኡቫሮቭ የተባለው የነፍሳት ተመራማሪ፣ እስከዚያ ድረስ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ይባሉ የነበሩት ብቸኛውና መንገኛው (በመንጋ የሚኖረው) ስደተኛ አንበጣ የአንድ ዝርያ ሁለት መልኮች መሆናቸውን አስረዳ። የበረሃ አንበጣም እንደዚሁ መሆኑ ተረጋገጠ። ብቸኛው ኩብኩባ በአብዛኛው አረንጓዴ ነው፤ መንገኛው ቢጫና ጥቁር ነው። ክንፍ ሲያወጣ መንገኛው መጀመሪያ ሮዝ፣ ለመራባት ሲደርስ ደግሞ ቢጫ ይሆናል። መልካቸውን ብቻ የሚያይ ሰው ዘመዳሞች ናቸው ቢባል እንኳ ይጠራጠራል።

ለውጡን የሚያስነሣው ምን እንደሆነ ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሳይለይ ቆየ። በ2001 ይፋ በሆነ ጥናት እስቲቨን ሲምፕሰንና ባልደረቦቹ ብቸኛ አንበጣ ይዘው የተለያዩ የአካል ክፍሎቹን በትንሽ የቀለም ብሩሽ ይዳብሱ ጀመር፤ በየደቂቃው ለአምስት ሰከንድ፣ እስከ አራት ሰዓት። ሌላው የአካል ክፍል ሲዳበስ የታየ ትልቅ ለውጥ የለም። የኋላ እግሩ ጭን ሲዳበስ ግን፣ ሌላ አንበጣ አጠገቡ ሳይኖር፣ ያ ፍጡር ከአራት ሰዓት በኋላ ሌሎችን የሚሸሽ መሆኑ ቀርቶ ወደ እነርሱ የሚሄድ ሆነ። በ2009 ደግሞ የካምብሪጅና የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ውስጡን አሳዩ፦ በደረቱ ያሉት የነርቭ አንጓዎች ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጨምራል። ሥራው በመድኃኒት ሲታገድ አንበጣው ቢጨናነቅም አይለወጥም፤ ሴሮቶኒን ሲሰጠው ደግሞ ሳይጨናነቅ ይለወጣል።

አሁን ወደ ቁጥቋጦው እንመለስ። ከሠላሳው ጥቂቶቹ በመነካካት ተለውጠዋል። የተለወጡት መሸሽ ትተው ወደ ሌሎቹ ይጠጋሉ፤ ሲጠጉም ያልተለወጡትን ይነካሉ፤ እነዚያም ይለወጣሉ፤ ቁጥቋጦው ይበልጥ ይጨናነቃል። ውጤቱ ተመልሶ የራሱን ምክንያት ያጠናክራል። ከውጭ የመጣ ትእዛዝ የለም፤ እያንዳንዱ የሚያውቀው እግሩ መነካቱን ብቻ ነው። በዚህ መልክ በሰዓታት የተጀመረው በቀናት ጊዜ የሚቀጥለውን ቁጥቋጦ ይጨምራል፤ ኩብኩባው ቆዳውን ሲቀይር ቀለሙ ይለወጣል፤ ሴቷም የኖረችበትን መጨናነቅ አሻራ በልጆቿ ላይ ስለምትተው የሚቀጥለው ትውልድ ከመነሻው ወደ መንጋ ያዘነበለ ሆኖ ይፈለፈላል።

በክብ ገበታ ላይ

መሰባሰብ አንድ ነገር ነው፤ አብሮ ወደ አንድ አቅጣጫ መሄድ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን ለመመርመር ጄሮም ቡል፣ ዴቪድ ሳምፕተር፣ ኢያን ከዚን፣ ሲምፕሰንና ሌሎች በ2006 ያሳተሙት ሙከራ፣ በቀላልነቱ ምክንያት፣ በዚህ መስክ ከተሠሩት ሁሉ ይበልጥ የምወደው ነው። ዙሪያውን በግድግዳ የታጠረ፣ መሐሉ ጉብ ያለ፣ ሰፊ ባርኔጣ የመሰለ ክብ ገበታ ሠሩ፤ ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። መሐሉ ጉብ ስላለ ኩብኩባዎቹ ዳር ዳሩን ይዞራሉ፤ ስለዚህ የሚጠየቀው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ቀኝ ነው ወይስ ወደ ግራ? ከላይ ካሜራ አድርገው ለስምንት ሰዓት ቀረጿቸው።

ኩብኩባዎቹ ከሁለት እስከ ሰባት ሲሆኑ ሁሉም በየፊናው ይሄዳል። ከ10 እስከ 25 ሲሆኑ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይታያል፤ ለረጅም ጊዜ በአንድነት ወደ አንድ ወገን ይዞሩና፣ በድንገት፣ ያለ ምንም የውጭ ምክንያት፣ ሁሉም አንድ ላይ ተገልብጠው ወደ ሌላው ወገን ይዞራሉ። 30 እና ከዚያ በላይ ሲሆኑ፣ ማለትም በአንድ ካሬ ሜትር 74 ገደማ ሲደርሱ፣ በፍጥነት አንድ አቅጣጫ ይመርጣሉ፤ ሙከራው እስኪያበቃም አይለወጡም። በቁጥሩ ላይ ጥቂት መጨመር በጥቂቱ የበለጠ ሥርዓት አይሰጥም፤ ደፍ አለ፣ ደፉ ሲታለፍ ቤቱ ሌላ ነው።

የፊዚክስ ሰዎች ይህን መልክ ከሌላ ቦታ ያውቁታል። ብረት ከ770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ማግኔትነቱን ያጣል፤ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ማግኔቶች በሙቀቱ ንውጽውጽታ የተነሣ በየአቅጣጫው ይዞራሉና። ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ግን እያንዳንዱ በጎረቤቱ እየተሳበ በአንድነት ይሰለፋሉ። በ1995 ሀንጋሪያዊው ታማሽ ቪቼክና ባልደረቦቹ ይህን ሐሳብ ለሚንቀሳቀሱ ነገሮች አዋሉት፤ እያንዳንዱ ቅንጣት በእኩል ፍጥነት ይጓዛል፣ በየቅጽበቱም የጎረቤቶቹን አማካይ አቅጣጫ ይይዛል፣ ትንሽም ይስታል። ከዚህ ሌላ ሕግ የለም። ጥግግቱ ሲጨምር ሥርዓቱ በራሱ ይወለዳል። የ2006ቱ ሙከራ ውጤት ከዚህ ስሌት ጋር እጅግ ተመሳስሎ በመገኘቱ አንበጣው ለብዙ ዓመታት ያለ አዛዥ ለሚፈጠር ሥርዓት ዋነኛ ምሳሌ ሆኖ ቆየ።

ሆኖም ቅንጣት አይርበውም። በ2008 የወጣ ጥናት የኩብኩባው ጉዞ ከሌላ ነገርም እንደሚገፋ አሳይቷል። ኩብኩባ ኩብኩባን ይበላል። ከኋላው የሚመጣው ሊነክሰው ይችላልና ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከፊቱ ያለውንም እርሱ ሊነክሰው ይችላል። ከሆዱ የሚመጣውን ስሜት የሚያስተላልፈው ነርቭ ሲቆረጥበት ከኋላ መነካቱን አያውቅም፤ ስለዚህ እምብዛም አይንቀሳቀስም፣ ሌሎቹም ይበልጥ ይበሉታል። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ስምምነት የሚመስለው ሰልፍ ከውስጥ ሲታይ የረሃብና የፍርሃት ሰልፍ ነው።

መንገዱ ወደ እኛ

ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ ከሩብ አል-ኻሊ የተነሡት መንጋዎች ወደ የመንና ወደ ኢራን ተጓዙ። በየመን ጦርነቱ የቁጥጥሩን ሥራ ስላሰናከለው እዚያ እንደገና ተራቡ፤ ከዚያም በዓመቱ አጋማሽ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ተሻግረው ወደ ሶማሊያና ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። በዲሴምበር 2019 ፓዋን የተባለ ሳይክሎን ሰሜን ምሥራቅ ሶማሊያን ሲመታ በሩብ አል-ኻሊ የሆነው ሁሉ በአፍሪካ ቀንድ ተደገመ። በዓመቱ መጨረሻ ኬንያ ገባ፤ በዚያች አገር በ70 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ አልታየም ነበር። በኢትዮጵያና በሶማሊያ ደግሞ የ25 ዓመት ክፉው ነበር።

ገና በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 2020፣ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ የሚበር የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ሊያርፍ ሲቃረብ መንጋ ውስጥ ገባ። አንበጣው ሞተሩን፣ አፍንጫውንና የፊት መስታወቱን መታው፤ መጥረጊያው መስታወቱን ሊያጠራ ስላልቻለ አውሮፕላኑ ወደ አዲስ አበባ ዞሮ በሰላም አረፈ። በዚያው ወር በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ 60 ኪሎ ሜትር በ40 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ መንጋ ተመዝግቧል።

አንድ አንበጣ በቀን የራሱን ክብደት ያህል፣ ሁለት ግራም ገደማ፣ ይበላል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን የ35,000 ሰው ምግብ ያህል ይጨርሳል፣ ከነፋሱ ጋርም እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በኤፕሪል 2020 ይፋ የሆነው ግምገማ በኢትዮጵያ ወደ 200,000 ሄክታር የሚጠጋ የእርሻ መሬት መጎዳቱን፣ ከ356,000 ቶን በላይ እህል መጥፋቱንና አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ለምግብ እጥረት መጋለጡን ገልጿል። በመግቢያው የተነገረው የጥቅምት ወረራ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም።

ለምን አልተበተነም?

ለብዙ ጊዜ ተጨናንቆ የኖረ አንበጣ ለቀናት ብቻውን ቢቀመጥም የቀድሞ ብቸኛ ጠባዩን በሙሉ አይመልስም፤ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ የተጨናነቀው ግን ቶሎ ይመለሳል። ይህ ማለት መንጋ ለመሆን የሚያስፈልገው ጥግግትና መንጋ ከመሆን ለመውጣት የሚያስፈልገው ጥግግት እኩል አይደሉም ማለት ነው። ብቸኞቹን ለመለወጥ ጭንቅ ያለ መጨናነቅ ያስፈልጋል፤ አንዴ ከተለወጡ በኋላ ግን እርስ በርሳቸው የሚፈላለጉ ስለሆኑ ጥግግቱ በእጅጉ ቢቀንስም ተመልሰው ይገናኛሉ። ወደ ላይ የተወጣበት መንገድ ለመውረድ አያገለግልም። የመንጋ መፈጠርን በሒሳብ ቀመር ያጠኑ ሰዎችም ይህንኑ ባሕርይ አግኝተዋል።

ስለዚህ የወሎው ገበሬ ጅራፍ ጥፋት የለበትም፤ የዕለቱን ማሳ ለማዳን የሚቻለውን አድርጓል፣ በብዙ ቦታም አንዳንድ ማሳ አድኗል። ነገር ግን ያ ድምፅና ጭስ የሚያስነሣው ክንፍ ያወጣና ለትውልዶች አብሮ የኖረ መንጋ ነበር። ግማሹ ወደ ምሥራቅ፣ ግማሹ ወደ ምዕራብ ቢሄድ ሁለት መንጋ ይሆናል እንጂ ወደ ዓይን አፋርነቱ አይመለስም። በአውሮፕላን የሚረጨው መድኃኒትም ቁጥሩን ይቀንሳል፤ የተረፉትን ጠባይ ግን አይቀይርም። ዋናውን ጥቅም የሚያገኘው ክንፍ ያላወጣውን ኩብኩባ ያገኘ፣ ከዚያም በላይ ያልተለወጠውን ብቸኛ በቁጥቋጦው ሳለ ያገኘ ሰው ነው። በ1962 ተቋቁሞ መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት የተመሠረተው አንበጣ ድንበር ስለማያውቅ ነው። የእኛ ማሳ ደኅንነት የሚወሰነው በኦማንና በየመን በረሃ ስለሆነ ይህ ትብብር ለኢትዮጵያ የህልውና ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ2020 መንጋው ኬንያ ውስጥ ሳለ ከጀርመኗ ኮንስታንዝ የመጡ ተመራማሪዎች ኩብኩባዎቹን በሜዳ ቀርጸዋል፤ ከእነርሱ አንዱ የ2006ቱን የክብ ገበታ ሙከራ ከሠሩት መካከል የነበረው ኢያን ከዚን ነው። በ2025 የታተመው ውጤታቸው የቀድሞውን ሥዕል ሰብሮታል። አንበጣው የጎረቤቱን አቅጣጫ እንደ ቅንጣት እየተከተለ እንደሚሄድ ማስረጃ አላገኙም። በምስል በተፈጠረ ዓለም ውስጥ አንድ አንበጣ ጎን ለጎን ወደ ፊት በሚጓዙ ሁለት ሰልፎች መካከል ሲቆም አብሯቸው ወደ ፊት አይሄድም፤ ወደ አንደኛው ሰልፍ ፊቱን ያዞራል። ዓይኑ ሲሸፈን፣ በመንጋ መሐል ሆኖም፣ አቅጣጫው ይጠፋበታል። እንደ እነርሱ አባባል ሥርዓቱን የሚወስነው ጥግግቱ ራሱ ሳይሆን እያንዳንዱ የሚያየው ነገር ጥራት ነው፤ ጥግግቱም የሚጠቅመው የሚታየውን ስለሚያበዛ ነው። የራሱን የቀድሞ ሥራ እንዲህ በይፋ የሚያርም ተመራማሪ ክብር ይገባዋል። መንጋው ያለ አዛዥ የተሠራ መሆኑን ግን ይህም ውጤት አልነካውም፤ የለወጠው እያንዳንዱ አንበጣ የሚከተለውን ሕግ ነው።

በበረሃ አንበጣ ቅኝት የሚሰማራ ባለሙያ ዛሬም የሚያደርገው ይህን ነው። ሳተላይት አረንጓዴ ያሳየበት ቦታ ድረስ በመኪና ይሄዳል፤ ወርዶ በእግሩ ይራመዳል፤ ከእግሩ ሥር ስንት አንበጣ እንደተነሣ ይቆጥራል፤ ቁጥቋጦውን ነቅንቆ ኩብኩባ ካለ ቀለሙን ያያል፣ አረንጓዴ ነው ወይስ ጥቁር ጣል ጣል ያለበት? ያየውንም በአገሩ የአንበጣ ቁጥጥር ክፍል በኩል ወደ ሮም፣ ወደ ተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት የአንበጣ መረጃ ማዕከል ይልካል። ከመኩኑ ዝናብ በኋላ በነበሩት ወራት በሩብ አል-ኻሊ ቁጥቋጦዎች መካከል እንዲህ የተራመደ ሰው አልነበረም።